ለቨርቹዋል ዴስክቶፕ የትኛውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም እትም እንምረጥ? ከባሕር ዳር መሥሪያ ቤቶችና ኮሌጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጠረጴዛ ኮምፒውተሮችን አንድ በአንድ ከመቀየር ይልቅ ጠንካራ ሰርቨር ገዝተው ሠራተኛውን ወይም ተማሪውን በቨርቹዋል ዴስክቶፕ (ሰርቨሩ ላይ እየሠራ በኔትወርክ ከሌላ መሣሪያ በሚከፈት ዴስክቶፕ) ለማሠራት የሚያስቡ የባሕር ዳር መሥሪያ ቤቶች፣ ኮሌጆች፣ ክሊኒኮችና የጣና ዳር ሆቴሎች ስለ ሰርቨሩ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ በላዩ ላይ ስለሚጫነው የኦፐሬቲንግ ሲስተም እትም ግን የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ ዕቃው ተገዝቶ ከገባ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፤ የሚያስፈልገውን ሜሞሪ፣ የፈቃዱን ክፍያና የአገልግሎት ዘመኑን የሚወስነው እትሙ ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ መልኩ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ኮምፒውተር እትሙ ብዙም ለውጥ አያመጣም። በቨርቹዋል ዴስክቶፕ ላይ ለምን ያመጣል?

ጠረጴዛ ላይ ያለ ኮምፒውተር አንድ ተጠቃሚ፣ አንድ ስክሪንና አንድ ፈቃድ ስላለው በፕሮና በኢንተርፕራይዝ መካከል ያለው ልዩነት ለተራው ሠራተኛ አይታየውም። ሥራው ወደ ሰርቨር ሲዛወር ግን በአንድ ጊዜ ስንት ሰው መግባት ይችላል፣ ከሌላ መሣሪያ ሆኖ በኔትወርክ ለመጠቀም የትኛው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የደኅንነት ማሻሻያውስ እስከ መቼ ይመጣል የሚሉት ጥያቄዎች ወዲያው ይነሣሉ፤ የእነዚህ መልስ ደግሞ ከእትም እትም ይለያያል። የሆም እትም ከጅምሩ ከምርጫው ውጭ ነው፤ ዶሜይን (የመሥሪያ ቤቱ ማሽኖችና ተጠቃሚዎች በአንድነት የሚተዳደሩበት ኔትወርክ) ውስጥ አይገባም፣ የሪሞት ዴስክቶፕ ግንኙነትንም አይቀበልም።

ቀደም ሲል የገዛነው ዊንዶውስ ፕሮ አለን። እሱኑ ሰርቨሩ ላይ ጭነን መጠቀም አንችልም?

በቴክኒክ ረገድ ይጫናል፣ ይሠራልም። ችግሩ የፈቃዱ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ የፕሮ ፈቃድ ከዚያው ማሽን ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ወደ ሰርቨር አይዛወርም። ከዚህ ባሻገር በሰርቨር ላይ የሚሠራን ዊንዶውስ 10 ወይም ዊንዶውስ 11 ከሌላ መሣሪያ ሆኖ በርቀት ለመጠቀም፣ የሚጠቀምበት ሰው ወይም መሣሪያ የኢንተርፕራይዝ የደንበኝነት ፈቃድ፣ ሶፍትዌር አሹራንስ የሚባለው የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ውል ወይም ቪዲኤ የሚባለው የቨርቹዋል ዴስክቶፕ መዳረሻ ፈቃድ እንዲኖረው የማይክሮሶፍት ደንብ ያስገድዳል። አሮጌው ኮምፒውተር ሊኑክስ ተጭኖበት ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ሆኖ ቢያገለግል እንኳ ግዴታው አይቀርም፤ እንዲያውም ቪዲኤ የተዘጋጀው እንዲህ ላሉ መሣሪያዎችና ለቲን ክላየንት (ከሰርቨር ጋር ለመገናኘት ብቻ ለሚያገለግል ትንሽ ኮምፒውተር) ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ የተለመደ ግምት መታረም አለበት። የዊንዶውስ ሰርቨር ዳታሴንተር እትም በአንድ ሰርቨር ላይ የቨርቹዋል ማሽን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ብዛት አይገድብም ሲባል፣ በውስጡ የሚጫኑት ዊንዶውስ 11 ማሽኖችም አብረው የተፈቀዱ የሚመስላቸው አሉ። ያልተገደበው የዊንዶውስ ሰርቨር ቅጂ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ 11 የራሱን ፈቃድ ይፈልጋል።

ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲገባ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም አለ ይባላል። እውነት ነው?

አለ፤ አትጠቀሙበት። የደንበኛ (ክላየንት) እትም፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ 10 እና 11 ያለው፣ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ተጠቃሚ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ገደብ የሚሰብሩት ፕሮግራሞች የፈቃድ ውሉን ይጥሳሉ፤ በተጨማሪም ወርኃዊ ማሻሻያ በገባ ቁጥር መሥራት ሊያቆሙ ይችላሉ። ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስበት የሚፈልግ የሒሳብ ክፍል የለም።

በኢንተርፕራይዝና በኤዱኬሽን መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? እኛ ኮሌጅ ነን።

በአገልግሎት ረገድ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ልዩነቱ በዋናነት የአሻሻጡ ነው፤ ኤዱኬሽን ለትምህርት ተቋማት በተለየ የፈቃድ መርሐ ግብር የሚቀርብ በመሆኑ መብቱ ያለው ኮሌጅ ወይም ትምህርት ቤት ኢንተርፕራይዝን በሙሉ ዋጋ የሚገዛበት ምክንያት የለም። ሁለቱም እያንዳንዱ ዓመታዊ ስሪት ለ36 ወራት የደኅንነት ማሻሻያ ሲያገኝ፣ ፕሮ የሚያገኘው ለ24 ወራት ብቻ ነው። አንዳንድ የግሩፕ ፖሊሲ (ማሽኖችን ከአንድ ቦታ ማስተዳደሪያ) ትእዛዞችም፣ ለምሳሌ የማይክሮሶፍት ስቶርን መዝጋትና ያልተጠየቁ የማስተዋወቂያ አፕሊኬሽኖች እንዳይገቡ መከልከል፣ በኢንተርፕራይዝና በኤዱኬሽን ላይ ሲሠሩ በፕሮ ላይ አይሠሩም። አርባ ዴስክቶፖችን ከአንድ ማስተር ኢሜጅ (ዴስክቶፖቹ ከሚባዙበት ዋና ቅጂ) ለሚያወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤልቲኤስሲ ቀላልና ፈጣን ነው ይባላል። ለቨርቹዋል ዴስክቶፕ የሚመረጠው እሱ አይደለም ወይ?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚደጋገም ጥያቄ በመሆኑ ሰፋ አድርጎ መመለስ ይገባል። ኤልቲኤስሲ የኢንተርፕራይዝ የረጅም ጊዜ አገልግሎት እትም ነው። ስቶር የለውም፣ አብረው የሚመጡት አብዛኞቹ አፕሊኬሽኖች የሉትም፣ በየዓመቱ የሚወጣው የገጽታና የአገልግሎት ለውጥም አይደርሰውም፤ የሚመጣለት የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ኢንተርፕራይዝ ኤልቲኤስሲ 2024 እስከ ጥቅምት 2029 ድረስ ድጋፍ ያገኛል። ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበትና ዳታ ለሚወደድበት መሥሪያ ቤት ይህ ሁሉ የሚያጓጓ ነው።

ሆኖም ኤልቲኤስሲ የሚያስቀረው ድካም በአብዛኛው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ድካም ነው። ስድሳ ማሽኖች በአራት ፎቅ ተበትነው እያንዳንዳቸው በየዓመቱ ብዙ ጊጋባይት ሲያወርዱ፣ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በግማሽ መንገድ ላይ ሲቀሩ ችግሩ እውነተኛ ነው። ስድሳዎቹ ዴስክቶፖች ከአንድ ማስተር ኢሜጅ ሲወጡ ግን ዓመታዊው ስሪት የሚወርደው አንድ ጊዜ፣ የሚፈተሸው አንድ ጊዜ፣ የሚበተነውም በአንድ ሌሊት ነው፤ ካልተስማማ ወደ ቀድሞው ኢሜጅ መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ ኤልቲኤስሲን ለመምረጥ የሚቀርበው ትልቁ ምክንያት በቨርቹዋል ዴስክቶፕ ላይ ጉልበቱን ያጣል። ወርኃዊው የደኅንነት ማሻሻያ ለኤልቲኤስሲም ይመጣል፤ በዚህ በኩል የሚቆጠብ ዳታ እምብዛም ነው።

የሚከፈለው ዋጋ በሌላ በኩል ነው። በደንበኝነት የሚከፈልባቸው የማይክሮሶፍት 365 የቢሮ ፕሮግራሞች በኤልቲኤስሲ ላይ አይደገፉም፤ አንድ ጊዜ የሚገዛው ኦፊስ ኤልቲኤስሲ 2024 ግን ይደገፋል። ማይክሮሶፍት ራሱ እትሙን ያዘጋጀው ሥራቸው ለማይለዋወጥ እንደ ሕክምና መሣሪያና የገንዘብ መክፈያ ማሽን ላሉ ነገሮች መሆኑን ይገልጻል። ቀላልነቱም ቢሆን በኢንተርፕራይዝ እትም ላይ የማይፈለጉትን አፕሊኬሽኖች ከማስተር ኢሜጁ አስቀድሞ በማስወገድ በአብዛኛው የሚገኝ ነው። በእኔ አስተያየት ኤልቲኤስሲ የሚገባው ለክሊኒክ የላቦራቶሪ ማሽን ማንበቢያ፣ ለሆቴል መቀበያ አንድ ፕሮግራም ብቻ ለሚከፍት ዴስክቶፕ፣ ወይም አምራቹ የተወሰነ ስሪት ብቻ እንደሚደግፍ በጽሑፍ ላስታወቀለት ሶፍትዌር ነው። ለአጠቃላይ የቢሮ ሠራተኛ አልመርጠውም።

እስከ 2034 ድጋፍ የሚያገኝ ኤልቲኤስሲም አለ አይደል?

አዎ፣ አይኦቲ ኢንተርፕራይዝ ኤልቲኤስሲ 2024 የሚባለው የአሥር ዓመት ድጋፍ አለው። ነገር ግን ለተወሰነ ተግባር ለተሠሩ መሣሪያዎች በአምራቾች በኩል የሚሰጥ እንጂ ለቢሮ ዴስክቶፕ የሚሆን ፈቃድ አይደለም። ተገቢ ቦታው ሰርቨሩ ሳይሆን ተጠቃሚው ፊት የሚቀመጠው ቲን ክላየንት ነው።

ብዙ ተጠቃሚ በአንድ ማሽን የሚያስገባው ዊንዶውስ 11 ኢንተርፕራይዝ መልቲ ሴሽንስ?

የተሠራው ለማይክሮሶፍት የክላውድ አገልግሎት ለአዡር ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ነው፤ በራስዎ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽን በሚፈጥረው ሶፍትዌር)፣ ማለትም በሃይፐር-ቪ፣ በቪኤምዌር ወይም በፕሮክስሞክስ ላይ ለመጫን ፈቃዱ አይፈቅድም። ክላውዱን ራሱን ለመጠቀም ለሚያስብ ተቋም ደግሞ ርቀቱ መታሰብ አለበት፤ በ2019 ሥራ የጀመሩት በአፍሪካ ያሉት የአዡር ማእከላት የሚገኙት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ እዚያ ደርሶ የሚመለሰው መልእክት ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከፈጀ ተጠቃሚው የጻፈው ፊደል ዘግይቶ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ማስተዋል ይጀምራል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሰነዱ ብቻ ሳይሆን ዴስክቶፑ ራሱ ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ምድር ቤት ያለው ኮሌጅ ግን በውስጥ ኔትወርኩ ሥራውን ይቀጥላል። የታካሚ ወይም የደንበኛ መረጃ የሚይዝ ተቋም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም. መረጃን ከአገር ስለማስወጣት የሚለውን ከሕግ ባለሙያ ጋር ማየት ይኖርበታል።

ታዲያ በራሳችን ሰርቨር ላይ ብዙ ሰው ለማስገባት ምን እንጠቀም?

ዊንዶውስ ሰርቨርን ከሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስ (አርዲኤስ፣ ብዙ ሰው በአንድ ሰርቨር ላይ በየራሱ ሴሽን ገብቶ እንዲሠራ የሚያደርግ አገልግሎት) ጋር። ለብዙዎቹ የባሕር ዳር መሥሪያ ቤቶች መነሻ ሐሳብ መሆን ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ፈቃዱ ነው። በዚህ አሠራር ቪዲኤ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሰርቨሩ ፈቃድ፣ የዊንዶውስ ሰርቨር ካል (ወደ ሰርቨሩ መግቢያ ፈቃድ) እና የአርዲኤስ ካል ነው። ካሎቹን አንድ ጊዜ ገዝቶ ለዚያ ስሪት ያለጊዜ ገደብ መጠቀም ስለሚቻል፣ ዓመታዊ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ እየፈለገ ለሚቸገር ተቋም ከቪዲኤ የተሻለ ዕረፍት ይሰጣል።

ካል የሚገዛው በሰው ወይም በመሣሪያ ነው። በሦስት ፈረቃ የሚማሩ ተማሪዎች በሠላሳ ማሽኖች የሚጠቀሙበት ላብራቶሪ በመሣሪያ ሠላሳ ካል ይበቃዋል፤ በሰው ቢገዛ ግን የተማሪው ቁጥር ያህል ይጠየቃል። በቢሮም፣ በቤትም፣ በስልክም ለሚገባ ኃላፊ ደግሞ በሰው መግዛት ያዋጣል። በሰው የተገዛ የአርዲኤስ ካል አክቲቭ ዳይሬክቶሪን (የዶሜይኑን የተጠቃሚዎችና የማሽኖች መዝገብ) የሚፈልግ መሆኑን ማወቅ ያሻል። የካሉ ስሪት ከሰርቨሩ እኩል ወይም አዲስ መሆን አለበት፤ የ2019 ካል ይዞ 2022 ሰርቨር ላይ መግባት አይቻልም፣ የ2025 ካል ይዞ ግን 2022 ላይ መግባት ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ የሚገዛ ሰው ሰርቨሩ 2022 ቢሆንም የ2025 ካል ቢገዛ ለነገ ያተርፋል።

በስታንዳርድና በዳታሴንተር መካከል ለመምረጥ የቨርቹዋል ማሽኖቹን ቁጥር መቁጠር ይበቃል። ስታንዳርድ የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ኮሮች በሙሉ ፈቃድ ሲገዛላቸው፣ ዝቅተኛው 16 ኮር ሆኖ፣ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይፈቅዳል። ሁለት የሴሽን ሰርቨር ካቆማችሁ በኋላ ለዶሜይን ኮንትሮለሩ (የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል ለሚይዘው) ሦስተኛ ማሽን ያስፈልጋል፤ ይህን ጊዜ በዚያው ሰርቨር ላይ ሌላ ስታንዳርድ ፈቃድ መደረብ አለበት። ዶሜይን ኮንትሮለሩን ተጠቃሚ በሚገባበት ሰርቨር ላይ ደርቦ ወጪ ማዳን የሚፈተን ሰው ይኖራል፤ ተማሪ የሚገባበት ማሽን ላይ የመሥሪያ ቤቱን የይለፍ ቃል ሁሉ ማስቀመጥ ማለት ስለሆነ አይደረግ። ዳታሴንተር የሚያዋጣው ማሽኖቹ ሲበዙ ነው።

ሲጫን የሚመረጠው ዴስክቶፕ ኤክስፒሪየንስ የሚለው ነው። ሰርቨር ኮር ገጽታ የሌለው በመሆኑ ለተጠቃሚ ሴሽን አያገለግልም፤ ከተጫነ በኋላም ወደ ዴስክቶፕ አይቀየርም፣ እንደገና መጫን ግድ ይሆናል።

በሜሞሪ ረገድ ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

የአንድ ላብራቶሪን ጠዋት እንውሰድ። አርባ ተማሪዎች 2፡30 ላይ ገብተው በአንድ ጊዜ የይለፍ ቃላቸውን ይጽፋሉ። ለእያንዳንዱ ዊንዶውስ 11 ማሽን የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሜሞሪ 4 ጊጋባይት በመሆኑ ድምሩ 160 ጊጋባይት ይሆናል፤ ብራውዘርና የቢሮ ፕሮግራም አብረው ሲከፈቱ 4 ጊጋባይት ስለማይበቃ ወደ 8 ሲያድግ 320 ይደርሳል። አርባ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችም ሲነሡ እያንዳንዳቸው ከዲስክ ያነባሉ፤ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ደግሞ አብረው የሚመጡት አፕሊኬሽኖች ለእሱ ስም እንደ አዲስ ስለሚዘጋጁ ሰማያዊው ስክሪን ላይ የሚሽከረከሩትን ነጥቦች እያየ ይቆያል።

ያው አርባ ተማሪ በሁለት የዊንዶውስ ሰርቨር ማሽኖች ሃያ ሃያ ሆኖ ቢገባ፣ ለእያንዳንዱ ሰው 2 ጊጋባይት፣ ለሲስተሙ ራሱ 8 ጊጋባይት ብንይዝ፣ አንዱ ሰርቨር 48፣ ሁለቱ 96 ጊጋባይት ይበቃቸዋል። ለመካከለኛ የቢሮ ሥራ በአንድ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር አራት ሰው የሚለው የማይክሮሶፍት መነሻ ስሌት ሲጨመርበት አሥር ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ማለት ነው። ይህ ስሌት የንድፍ ሥዕል፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ወይም ከባድ የካርታ ፕሮግራም ለሚከፍቱ ተማሪዎች አይሠራም፤ አንዱ ሲከብድ ሌሎቹ አብረው ይንቀራፈፋሉና። ለእነሱ በየራሳቸው ማሽን ኤዱኬሽን ወይም ኢንተርፕራይዝ መስጠት ይሻላል። ሁለቱን አሠራሮች በአንድ ሰርቨር ማቀላቀል ይቻላል፤ በእኔ ግምት ለኮሌጅ ከሁሉ የተሻለውም ይኸው ነው።

ፕሮግራማችን በሰርቨር እትም ላይ አልጫንም ቢልስ?

አንዳንድ የሒሳብና የፋርማሲ ፕሮግራሞች ሰርቨር ላይ መሆናቸውን ሲያውቁ ይቆማሉ፤ ሌሎች ይጫናሉ ግን ሁለተኛው ሰው ሲከፍታቸው ከመጀመሪያው ጋር ፋይል ይጋጫሉ። ሰርቨሩ ከመገዛቱ በፊት ሻጩን «በሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን ላይ ትደግፋላችሁ ወይ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ የግድ ነው። የቃል መልስ አይበቃም። ማይክሮሶፍት 365ን የሚጠቀሙ ደግሞ፣ በዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ላይ ድጋፉ በጥቅምት 2026 እንደሚያበቃ አውቀው 2025ን ይምረጡ።

ዊንዶውስ 10ን አሁንም መጠቀም እንችላለን?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማለትም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተቋማት ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ በክፍያ እስከ ጥቅምት 2028 ሊያገኙ ይችላሉ፤ ክፍያው በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ መሣሪያ 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ በእጥፍ ያድጋል። ዊንዶውስ 10 ኤልቲኤስሲ 2021 እስከ ጥር 2027 ይዘልቃል። ለአዲስ ፕሮጀክት ሁለቱም አያዋጡም።

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም (የደኅንነት ቁልፎችን የሚይዝ ቺፕ) ይፈልጋል። ሰርቨራችን ግን የቆየ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን የሚያየው ሃይፐርቫይዘሩ የሚሰጠውን ቨርቹዋል ቲፒኤም ነው። ሃይፐር-ቪ ላይ ማሽኑ በጄኔሬሽን 2 መፈጠር አለበት፤ በፕሮክስሞክስም ዩኢኤፍአይና ቲፒኤም 2.0 ሲፈጠር ይመረጣሉ። ማስተር ኢሜጁ ሲባዛ የቲፒኤሙ ይዘት አብሮ እንዳይገለበጥና እያንዳንዱ ማሽን የራሱ እንዲኖረው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ ሰርቨር እትሞች ቲፒኤምን እንደ መጫኛ ቅድመ ሁኔታ አያስገድዱም።

አማርኛ በሁሉም እትሞች ላይ እኩል ይሠራል?

ኪቦርዱም ፊደሉም አለ፤ ግን ችግሩ ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የምናውቀው ኒያላ ፎንት ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ከሲስተሙ ጋር አብሮ አይጫንም፤ ተጨማሪ የኢትዮፒክ ፎንቶች በሚል አማራጭ ሆኖ ተለይቷል። ኒያላ ከሌለ ዊንዶውስ በኤብሪማ ይተካዋል። ፊደሉ ይነበባል፤ ነገር ግን የኤብሪማ ስፋት ከኒያላ ስለሚለይ በአንድ ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይፈስስና ፊርማውና ማኅተሙ ብቻቸውን ባዶ ወረቀት ላይ ይገኛሉ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ሲያይ የሚወቅሰው አዲሱን ሲስተም ነው፤ አይፈረድበትም።

ይህ አማራጭ የሚወርደው ከዊንዶውስ አፕዴት በመሆኑ ኢንተርኔት የተዘጋባቸው ዴስክቶፖች ላይ ሲጠየቅ በስሕተት ይመለሳል። ስለዚህ ገና ማስተር ኢሜጁ ሲዘጋጅ መግባት ይኖርበታል፤ በሰርቨር እትም ላይም መኖሩ በፈተና መረጋገጥ አለበት። ከዩኒኮድ በፊት በተጻፉ የግእዝ ፕሮግራሞች የተተየቡ የቆዩ ሰነዶች ያሉት መሥሪያ ቤት የእነዚያን ፎንቶች ለሁሉም ተጠቃሚ በሚል መጫን አለበት፤ አንድ ተጠቃሚ ለራሱ ብቻ የጫነው ፎንት ሲወጣ በሚታደስ ዴስክቶፕ ላይ በነጋታው አይገኝም። የአማርኛ ኪቦርድም የተጠቃሚው የግል ቅንብር ስለሆነ በመነሻው ፕሮፋይል ውስጥ ካልተቀመጠ ሠራተኛው በየጠዋቱ እንደ አዲስ ሲጨምረው ይኖራል። እንዲህ ያለውን ቅንብር ከዴስክቶፑ ለይቶ የሚያኖረው ኤፍኤስሎጂክስ የአርዲኤስ ካል ወይም ቪዲኤ ላለው ያለተጨማሪ ክፍያ የተፈቀደ ነው።

ሠላሳ ዴስክቶፕ አባዝተን ኬኤምኤስ (በውስጥ ኔትወርክ የዊንዶውስ ፈቃድን የሚያጸናው አገልግሎት) ግን አንዱንም አክቲቬት አላደረገም። ምን ሆኖ ነው?

ኬኤምኤስ የደንበኛ እትሞችን አክቲቬት ማድረግ የሚጀምረው ቢያንስ 25 የተለያዩ ማሽኖች ሲጠይቁት ነው፤ ለሰርቨር እትሞች ቁጥሩ 5 ነው። ማስተር ኢሜጁ በሲስፕሬፕ (የማሽኑን መለያዎች በሚያጠፋው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ጄነራላይዝ ሳይደረግ ከተባዛ ሠላሳዎቹም አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይዘው ስለሚመጡ ኬኤምኤሱ የሚቆጥራቸው እንደ አንድ ማሽን ነው። ቆጠራው ቁጥር 1 ላይ ቆሞ ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሥራ ስምንት ዴስክቶፕ ብቻ ያለው ቢሮ ግን ምንም ቢያደርግ 25 አይደርስም። ማክ (MAK) የሚባለው ለብዙ ማሽኖች የሚያገለግል ቁልፍ ደግሞ የአጠቃቀም ብዛቱ የተወሰነ ስለሆነ በየቀኑ ለሚታደሱ ዴስክቶፖች አይመችም፤ በየእድሳቱ አንድ ይቀንሳል። ለእንዲህ ያለ ቢሮ የሚስማማው ዝቅተኛ ቁጥር የማይጠይቀው በአክቲቭ ዳይሬክቶሪ በኩል የሚደረገው አክቲቬሽን ነው።

በገበያ ላይ በክራክ የሚገኘውን ብንጠቀምስ?

ብዙ ቦታ እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። በአንድ ላፕቶፕ ላይ የተደረገ ክራክ ቫይረስ ቢይዝ የሚጎዳው አንድ ላፕቶፕ ነው፤ በማስተር ኢሜጅ ውስጥ ሲገባ ግን በአርባ ዴስክቶፕ ተባዝቶ፣ ያውም ሁሉም ፋይል ከሚገኝበት ስቶሬጅ አጠገብ ይቀመጣል። የአክቲቬሽን ክራክ እንዲሠራ አንቲቫይረሱ እንዲዘጋ መጠየቁም የተለመደ ነው። ለፈቃድ ገንዘብ የሌለው ተቋም ቀጣዩን መልስ ያንብብ።

ሊኑክስ ይሆናል?

ፕሮግራም ለሚማሩ ተማሪዎች፣ በብራውዘር ብቻ ለሚሠራ ሠራተኛና ለቤተ መጻሕፍት ከበቂ በላይ ይሆናል፤ የተጠቃሚ ቁጥር ፈቃድም አይጠየቅም። ኡቡንቱ 24.04 ኤልቲኤስ መደበኛ ድጋፉ እስከ 2029 ነው። እዚህም የእትም ምርጫ አለ፤ የኡቡንቱ ዋና ገጽታ የሆነው ጊኖም ግራፊክስ ካርድ በሌለው ቨርቹዋል ማሽን ላይ ስለሚከብድ ኤክስኤፍሲኢ ያለበትን ዙቡንቱ ወይም ማቴ ያለበትን እትም መምረጥ ይበጃል። በኤክስአርዲፒ (የሊኑክስ የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም) በኩል ከዊንዶውስም ከቲን ክላየንትም መግባት ይቻላል። አማርኛ የሚጻፈው በአይባስ (የሊኑክስ የመጻፊያ ዘዴ ማስተዳደሪያ) ላይ የኤም17ኤን የአማርኛ ዘዴ ሲጨመር ነው።

ካልተስማማን በኋላ እትሙን መቀየር እንችላለን?

ከፕሮ ወደ ኢንተርፕራይዝ ወይም ኤዱኬሽን ቁልፍ በመቀየር ብቻ እንደገና ሳይጫን ማሳደግ ይቻላል። ወደ ኤልቲኤስሲ መግባት ግን በቁልፍ አይሆንም፤ እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል።

ከመግዛታችን በፊት ለመሞከር የሚያስችል ሕጋዊ መንገድ አለ?

አለ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ሰርቨርን የሙከራ እትም ለ180 ቀናት፣ የዊንዶውስ 11 ኢንተርፕራይዝን ደግሞ ለ90 ቀናት በነጻ ይሰጣል። የሰርቨሩ ሙከራ በትእዛዝ ወደ ተገዛው እትም ሊቀየር ይችላል፤ የዊንዶውስ 11 ሙከራ ግን ስለማይቀየር በላዩ የደከማችሁበትን ማስተር ኢሜጅ ለቋሚ ሥራ አታስቡት፤ የጫናችሁትንና የቀየራችሁትን እየጻፋችሁ ሂዱ እንጂ። የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስ የራሱ የ120 ቀን የእፎይታ ጊዜ ስላለው ከሰርቨሩ ሙከራ ሁለት ወር ቀድሞ ያበቃል፤ ካሉ እስከዚያ ካልገባ ከዋና አስተዳዳሪው በቀር ተጠቃሚው አይገባም። በመስከረም ምዝገባ የተጀመረ ሙከራ የሚዘጋው ጥር ላይ፣ ለብዙ ኮሌጆች በመጀመሪያው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና አካባቢ ስለሆነ የካሉ ግዥ ጥያቄ ከኅዳር ሳይዘገይ ለግዥ ክፍል መቅረብ አለበት።